«እንደራሴ» የሚለው የማዕርግ ስም፤ ትርጉሙና አጠቃቀሙ

መግቢያ

በአገራችን የመንግሥት ታሪክ ውስጥ ከምናገኛቸው የማዕርግ ስሞች የሚበዙት ከጦር ሰልፍ ወይም ከቤተ መንግሥት አገልግሎት የተወሰዱ ናቸው። ፊታውራሪ በፊት የሚዘምተውን፤ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች በቀኝና በግራ የሚሰለፉትን ያመለክታሉ። ሊጋባና በጅሮንድም የቤተ መንግሥቱን ሥርዓትና ግምጃ ቤት ያስታውሳሉ። እነዚህ ሁሉ ሹሙ የሚቆምበትን ቦታ ወይም የሚሠራውን ሥራ የሚናገሩ ናቸው።

«እንደራሴ» የተባለው ስም ግን ከእነዚህ ይለያል። ሹሙ የት እንደሚቆም አይናገርም፤ ምን እንደሚሠራም አይናገርም። የሚናገረው ሹሙ ከሿሚው ጋር ያለውን ዝምድና ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ቃሉ በአንድ መቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እጅግ የተለያዩ ባለሥልጣኖችን ሲጠራ ኖሯል። ንጉሥ በታመመ ወይም ሕፃን በሆነ ጊዜ መንግሥቱን የሚጠብቀው እንደራሴ ተብሏል፤ በአንድ ጠቅላይ ግዛት ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ወክሎ የሚቀመጠው እንደራሴ ተብሏል፤ ሕዝብ መርጦ ወደ ምክር ቤት የሚልከውም እንደራሴ ተብሏል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን አፈጣጠር መርምረን አገልግሎቱ እንዴት እንደ ሰፋ ለማሳየት ነው። ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። የታሪክ፤ የሕግና የፖለቲካ ተማሪ አንድ ጽሑፍ ሲያነብ «እንደራሴው እንዲህ አዘዙ» የሚል ቃል ቢያገኝ፤ የማን እንደራሴ፤ በማን የተሾመ፤ ለማን መልስ የሚሰጥ መሆኑን ካልለየ በስተቀር የሥልጣኑን ምንጭ ሊስት ይችላል። የሥልጣኑን ምንጭ የሳተም ተጠያቂውን መሳቱ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

የቃሉ አፈጣጠር

ቃሉ በግልጽ እንደሚታየው ከሦስት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ «እንደ»፤ «ራስ» እና የአንደኛ መደብ ባለቤትነትን የሚያመለክተው «ዬ» ወይም «ኤ»። ሁለት ቃል ሆኖ «እንደ ራሴ» ሲጻፍ ተራ ንግግር ነው። አንድ ሰው «ወንድሜን እንደ ራሴ አየዋለሁ» ቢል ማንም ሹመት ሰጠ አይለውም። አንድ ቃል ሆኖ «እንደራሴ» ሲጻፍ ግን የሹመት ስም ይሆናል።

«ራስ» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው በአንገት ላይ ያለው የሰውነት ክፍል ነው። ሁለተኛው የሰው ማንነት ነው፤ «ራሴን አመመኝ» እና «ራሴን ቻልሁ» ስንል ልዩነቱ ይታወቃል። ሦስተኛው ከንጉሥ በታች ያለው ከፍተኛ የመኳንንት ማዕርግ ነው። ይህን ማዕርግ የያዙ ብዙ ሰዎች እንደራሴ ሆነው ስለ ተሾሙ፤ ቃሉ «ራስ እንደ ተባለው ሹም» ማለት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንዲህ አለመሆኑን ሁለት ማስረጃ ያሳየናል። አንደኛ፤ ራስ ያልነበሩ ሰዎችም ማዕርጉን ይዘዋል፤ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩት አቢይ አበበ የጦር ጄኔራል ነበሩ። ሁለተኛ፤ የመጨረሻዋ ድምፅ «የእኔ» ማለት ስለ ሆነች ትርጉሙን ወደ ማንነት ትመራዋለች። ስለዚህ «እንደራሴ» ማለት «እኔን ራሴን እንደሚመስል፤ እኔ በቦታው እንዳለሁ ያህል የሚቈጠር» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ሦስተኛ ሰው ስለ ንጉሡና ስለ ሹሙ ሲናገር በሰዋስው ደንብ «የንጉሡ እንደራሱ» ማለት ነበረበት። እንዲህ የሚል ግን የለም። ሁላችንም «የንጉሡ እንደራሴ» እንላለን። ከዚያም አልፎ ሿሚው ራሱ ሲናገር «እንደራሴዬ» ይላል፤ ብዙ ሲሆኑም «እንደራሴዎች» እንላለን፤ የሥራውን ዓይነትም «እንደራሴነት» ብለን እንጠራዋለን። ይህ የሚያሳየን የመጀመሪያዋ «የእኔ» ባይ ድምፅ በቃሉ ውስጥ ደርቃ መቅረትዋን ነው። ቃሉን ስንጠራ ሳናውቀው የሿሚውን ቃል እንደግማለን ማለት ነው። አንድ ጊዜ በሹመት አደባባይ «ይህ ሰው እንደ ራሴ ነው፤ ስሙት» የተባለው ንግግር ተቈርጦ ለሹሙ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከሌሎች ማዕርጎች ጋር ብናስተያየው የቃሉ ክብደት ይበልጥ ይገለጣል። በዳኝነት ሥራ ከፍተኛው ሹም «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። አፍ የተነገረውን ይናገራል እንጂ አያስብም። መልእክተኛም እንዲሁ ነው፤ ሕዝባችን «የጠሩት አቤት፤ የላኩት ወዴት» የሚለው ስለ እንዲህ ያለው ታዛዥ ነው። እንደራሴ ግን አፍ ወይም እግር ብቻ አይደለም። ራስ ነውና ያስባል፤ ይመርጣል፤ ይወስናል። ያልተነገረውንም ሿሚው ቢኖር ኖሮ ያደርገው እንደ ነበር አድርጎ ይፈጽማል። የቃሉ ኀይልም አደጋም ያለው ከዚሁ ላይ ነው።

ምስለኔ

በአማርኛ ከዚህ ቃል ጋር በአሳብ የሚዛመድ ሌላ የሹመት ስም አለ፤ እርሱም «ምስለኔ» ነው። «ምስለ እኔ» ከሚለው የመጣ ነው ተብሎ ይተረጐማል፤ እኔን የሚመስል ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱም ስሞች አንድ አሳብ አላቸው። ሁለቱም የተሠሩት በአንደኛ መደብ ነው፤ ሁለቱም የሿሚውን ቃል በውስጣቸው ይዘዋል።

በማዕርግ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። እንደራሴ ከዙፋኑ አጠገብ የሚቆም ሲሆን ምስለኔ በአገር አስተዳደር ዝቅተኛ እርከን ላይ የሚገኝ ሹም ነበር። ገዥውን ወክሎ በገጠር ይቀመጣል፤ ግብር ያሰባስባል፤ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ጥቃቅን ክርክርም ይሰማል። ባላገሩ በዕድሜው ሙሉ ንጉሡን ላያይ ይችላል፤ የጠቅላይ ግዛቱንም ገዥ ላያይ ይችላል፤ ምስለኔውን ግን በየጊዜው ያየዋል። ስለዚህ መንግሥት ማለት ለባላገሩ በብዙ ረገድ ምስለኔው ነበር።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ ያለው «ይህ እንደ ራሴ ነው» ይላል፤ ያም የተሾመው ሌላውን «ይህ እኔን ይመስላል» ይላል፤ እንዲህ እያለ መልክ ከመልክ እየተቀዳ እስከ ገበሬው ደጅ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ግን መልኩ ሊደበዝዝ ይችላል። ምስለኔው በደል ቢፈጽም በደሉ የማን ነው? የራሱ ነውን ወይስ የተመሰለበት ሰው? የውክልና አገዛዝ ሁሉ መልስ ሊሰጥበት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

የዘውድ እንደራሴ

ማዕርጉ በአዲሱ ታሪካችን ጐልቶ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ከተያዙ በኋላ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። አልጋ ወራሹ ገና ልጅ ስለ ነበሩም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ዳግማዊ ምኒልክም በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስሞች በአንድ ሰው ላይ መውደቃቸውን እናስተውል። ሞግዚት የሚጠብቀው ሕፃኑን ነው፤ እንደራሴ የሚሞላው ግን የንጉሡን ቦታ ነው። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ለአልጋ ወራሹ ሞግዚት፤ ለዘውዱ ደግሞ እንደራሴ ነበሩ ብንል የሁለቱን ስሞች ልዩነት በትክክል ያስረዳልናል። ምንም እንኳ በአነጋገር ሁለቱ እየተደባለቁ ቢነገሩ፤ በምርምር ጽሑፍ ውስጥ መለየታቸው ይጠቅማል።

ሁለተኛው ዐቢይ ምሳሌ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተፈጸመው ነው። በዚያ ዕለት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው የኢትዮጵያ መንግሥት አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። «ባለ ሙሉ ሥልጣን» የሚለው ቅጽል መጨመሩ እንደራሴነት መጠን ያለው ነገር መሆኑን ያመለክታል። እንደራሴ ሁሉ ሙሉ ሥልጣን ቢኖረው ኖሮ ይህን ቅጽል መጨመር ባላስፈለገም ነበር።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ሁኔታ ከቃሉ ትርጉም ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም ነበር። «እንደራሴ» ሲባል «ራሴ» ባይዋ ንግሥቲቱ መሆን ይገባት ነበር። አልጋ ወራሹን የመረጡት ግን በሸዋ የተሰበሰቡት መኳንንት ናቸው፤ ንግሥቲቱንም የመረጡ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ሹሙና የሹሙ ባለቤት ከአንድ ምንጭ ተሾሙ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዘመኑ ፍጻሜ ድረስ አልተለየም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እስከሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ሦስተኛ ኀይል ሆነው ቆይተዋል። እንደራሴው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በመንግሥታት ማኅበር አባልነት አስገቡ፤ በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ሄደው በየአገሩ መንግሥት ዘንድ እንደ አገር መሪ ተቀባይነት አገኙ። በመስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. የንጉሥነት ዘውድ ጫኑ። ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ሲያርፉም ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። «እንደ» የምትለው ቃል ቀስ በቀስ ተፍቃ «ራሴ» ብቻ ቀረ ለማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ምሳሌ የስደት ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴ ሆነው በምዕራብ ኢትዮጵያ በጎሬ የመንግሥቱን ስም ለማስጠበቅ ቀሩ። ወደ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ድረስ ቆይተው በጠላት እጅ ተያዙና ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። በዚህ ጊዜ እንደራሴው ዘውድም፤ ግምጃ ቤትም፤ የተደራጀ ጦርም አልነበራቸውም። የነበራቸው ስሙ ብቻ ነበር። ሆኖም ያ ስም «መንግሥት አለ» ለማለት የሚያስችል የቀረ ማስረጃ ስለ ነበረ ዋጋው ቀላል አልነበረም።

ከሦስቱ ምሳሌዎች አንድ አጠቃላይ ነገር እናገኛለን። የዘውድ እንደራሴ የሚያስፈልገው ባለቤቱ መናገር ባልቻለበት ጊዜ ነው፤ በሕመም፤ በልጅነት፤ በመራቅ። ባለቤቱ መናገር ካልቻለ ግን እንደራሴው በትክክል እርሱን መምሰሉን ማን ይመሰክራል? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዘውዱን ሥልጣን በእንደራሴነት የሚጠብቅ ምክር ቤት እንዲኖር መደንገጉ የዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን የሌላውን «ራስ» እንዳይሸከም ማድረጉ ነውና።

የቦታ እንደራሴ

ሁለተኛው የማዕርጉ አገልግሎት ባለቤቱ በዙፋኑ ላይ እያለ በሩቅ ቦታ ስለ እርሱ የሚቀመጠውን ሰው መጥራት ነው። በፈረንጆች ቋንቋ ይህ ሹም «ቫይስሮይ» ሲባል፤ ቀደም ብለን ያየነው የዘውድ ጠባቂ «ሬጀንት» ይባላል። የመጀመሪያው የንጉሥ ምትክ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የሚገዛ ማለት ነው። በእነርሱ ዘንድ ሁለት የሆነውን አማርኛ በአንድ ቃል ስለሚጠራው ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ። በ1928 ዓ.ም. እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የኢጣልያን ንጉሥ ወክለው በአዲስ አበባ የተቀመጡት ግራዚያኒና ከእርሱ በኋላ የመጣው የአኦስታው መስፍን በአማርኛ ጽሑፎች እንደራሴ ተብለው ሲጠሩ እናገኛለን። እንግዲህ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በጎሬ አንድ እንደራሴ፤ በአዲስ አበባ ሌላ እንደራሴ ነበሩ ማለት ነው። የመጀመሪያው በስደት ያለውን የአገሩን ንጉሥ፤ ሁለተኛው ወራሪውን ንጉሥ ይመስል ነበር። ቃሉ ብቻውን ማን ሕጋዊ እንደ ሆነ አይነግረንም።

ከነጻነት በኋላም የአንዳንድ ጠቅላይ ግዛት ገዥዎች የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ገዥዎችን በደመወዝ የሚተዳደሩና ለአገር ግዛት ሚኒስቴር የሚታዘዙ ሹማምንት አድርጓቸው ነበር። በሕግ በኩል እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። «እንደራሴ» የሚለው መጠሪያ ግን ከሚኒስቴሩ በላይ አሻግሮ በቀጥታ ከዘውዱ ጋር ያገናኛቸዋል። ሁለቱን አስታርቆ መኖር ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ከሁሉ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ግን የኤርትራ ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1943 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። ኤርትራ የራስዋ ሕገ መንግሥት፤ የራስዋ የተመረጠ ምክር ቤትና ምክር ቤቱ የሚመርጠው ዋና አስተዳዳሪ ነበራት። ንጉሠ ነገሥቱን ወክሎ በአስመራ የሚቀመጠው ደግሞ እንደራሴ ተባለ፤ የመጀመሪያውም ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ ነበሩ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የእንደራሴው ሥራ በአብዛኛው የሥርዓት ነበር። በምክር ቤቱ መክፈቻ የዘውዱን ንግግር ያሰማል፤ የተመረጠውን ዋና አስተዳዳሪ በሥርዓት ይሾማል፤ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ያውጃል፤ ሕጉ የፌዴራሉን ሥልጣን የሚነካ መስሎ ከታየውም ለምክር ቤቱ ሊመልሰው ይችላል።

ነገር ግን «እንደ ራሴ» የተባለ ሰው በሥርዓት ብቻ ተወስኖ መኖር ይችላልን? የተመሰለበት ንጉሠ ነገሥት በሌላው ግዛቱ ሁሉ ሙሉ ሥልጣን ያለው ከሆነ፤ መልኩ በአስመራ ጐዶሎ ሊሆን እንዴት ይችላል? ክርክሩ በቃሉ ውስጥ እንደ ተቀበረ ዘር ነበር። በ1947 ዓ.ም. እንደራሴው ለምክር ቤቱ ባሰሙት ንግግር በንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ መሥሪያ ቤት በኩል የውስጥና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ ገለጹ። በዚያው ዓመት ዋና አስተዳዳሪው ተድላ ባይሩ ሥራቸውን ለቀቁ። በቦታቸው የተመረጡት አስፍሐ ወልደ ሚካኤል የንጉሠ ነገሥቱ ምክትል እንደራሴ ነበሩ፤ ሁለቱንም ሥራ በአንድነት ያዙ። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ በኩል በተመረጠ ምክር ቤት የተሰየመ፤ በሌላ በኩል የዘውዱ ምክትል መልክ ሆነ። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ለመፍረሱ ምክንያቱ አንድ የማዕርግ ስም ነው ማለታችን አይደለም፤ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የሥልጣን ድንበር ያልተሰመረለት ውክልና ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ከዚያ በኋላ ስለ መጡት ረጅም የጦርነት ዓመታት የሚያስብ ሁሉ ነገሩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ይረዳል።

የሕዝብ እንደራሴ

ሦስተኛው አገልግሎት ከሁለቱ በአቅጣጫው ይለያል። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። በዚያን ጊዜ «የሕዝብ» ቢባሉም የመረጣቸው ሕዝቡ አልነበረም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የሕግ መምሪያው አባሎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ አደረገ። በግምት 200,000 ነዋሪ ላለው ለእያንዳንዱ የምርጫ ክፍል ሁለት እንደራሴዎች ተመደቡለት። የመጀመሪያው ምርጫ በ1949 ዓ.ም. መጨረሻና በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈጸመ፤ ከዚያም በየአራት ዓመቱ እየተደረገ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለ። በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ተመራጩም በምርጫው ክፍል የተወሰነ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የንብረቱ ግዴታ መራጩ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ኑሮ የተለየ ኑሮ ያለውን ሰው «እንደ ራሴ» እንዲል ያስገድደው ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ጋዜጣ ስለ ጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴና ስለ ሕዝብ እንደራሴ በአንድ ገጽ ላይ ሊጽፍ ይችል ነበር። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ የሚላክ ነው፤ ሁለተኛው ከጠቅላይ ግዛቱ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ነው። የአንዱ ባለቤት ከላይ፤ የሌላው ባለቤት ከታች ነው። ሁለቱ በመንገድ ቢገናኙ በአንድ ስም ይጠራራሉ፤ ሥልጣናቸው ግን ከተቃራኒ ምንጭ የተቀዳ ነው። ዘውዱን ለማገልገል የተፈጠረው ቃል ሕዝቡን ለማገልገል መዋሉ፤ በአገራችን የፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ ከተፈጸሙት ጸጥተኛ ለውጦች አንዱና ትልቁ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም ከዚያ ጀምሮ «ራሴ» ማለት የሚችል ሁለተኛ ባለቤት ተገኝቷል። ይህ ምክር ቤት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዘውዱ መንግሥት ጋር አብሮ ቢዘጋም ቃሉ አልተዘጋም።

እንደራሴና ተወካይ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱን «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት» ብሎ ሰይሞታል። «እንደራሴ» የሚለው በሕጉ ስም ውስጥ ባይገባም በጋዜጣና በንግግር የምክር ቤቱ አባላት እስከ ዛሬ የሕዝብ እንደራሴዎች ይባላሉ። በቤተ ክርስቲያንም በኩል ፓትርያርኩን ወክሎ የሚሠራ ሊቀ ጳጳስ እንደራሴ ይባላል።

ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸውን? በእኛ አስተያየት አይደሉም። «ተወካይ» ከ«ወከለ» የወጣ ተገብሮ ነው፤ ሌላ ሰው ሥራ የሰጠው ማለት ነው። ወኪል በዕቃ ግዢም፤ በፍርድ ቤት ክርክርም ይወከላል፤ የውክልና ወረቀቱ ከሚለው ውጪ ቢሄድ ሥራው ይፈርሳል። እንደራሴ ግን ወረቀት ብቻ የያዘ አይደለም፤ መልክ የያዘ ነው። የመረጡት ሰዎች ያላሰቡት ነገር በምክር ቤት ቢነሣ እነርሱ ቢኖሩ እንደሚያደርጉት አድርጎ መወሰን አለበት። ተወካይ ታማኝነትን ሲጠይቅ እንደራሴ ከታማኝነት በላይ ማስተዋልን ይጠይቃል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ልዩነት በራሱ መንገድ አስታርቆታል። የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደ ሆነና ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፤ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደ ሆነ ይደነግጋል። ለኅሊናው ሲል ራስነቱን ያከብርለታል፤ ለሕዝቡ ሲል ግን የማን ራስ እንደ ሆነ ያስታውሰዋል። ሌላም ይጨምራል፤ ሕዝብ በመረጠው ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህም «እንደ ራሴ ነህ» ያለ ሰው «ከእንግዲህ አይደለህም» የማለት መብት እንዳለው በሕግ ማረጋገጥ ነው። ለንጉሥ እንደራሴ ይህ መብት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ንጉሥ የሾመውን ይሽራልና። ሕዝብ ግን ብዙ ስለ ሆነና በአንድ አፍ ስለማይናገር የመሻሩ መንገድ በጽሑፍ ካልተሰመረለት በስተቀር ሹመቱ ሊመለስ የማይችል ስጦታ ይሆንበታል።

የቀድሞ ሰዎች «ንጉሥ አይከሰስ፤ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። ንጉሥ ካልተከሰሰ እንደ ራሱ የሆነውስ ይከሰሳልን? በብዙ ዘመን ይህ ጥያቄ በባላገሩ ዘንድ ሲብላላ ኖሯል። መልሱ በቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለ ይመስለናል። ቃሉ «ራሴ» አይልም፤ «እንደ ራሴ» ይላል። «እንደ» የማመሳሰያ ቃል ነው፤ የሚመስለው ነገርና የተመሰለበት ነገር ሁለት መሆናቸውን አስቀድሞ ያምናል። ስለዚህ እንደራሴው ከባለቤቱ አሳብ በራቀ መጠን ተጠያቂነቱ የራሱ ይሆናል። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ምሳሌም ይህንኑ ያስጠነቅቃል።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን መሠረት አድርገን ለተማሪዎችና ለጽሑፍ አዘጋጆች ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ቃሉ ብቻውን ባይጻፍ ይሻላል። የዘውድ እንደራሴ፤ በእገሌ አገር የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ፤ የሕዝብ እንደራሴ እየተባለ ባለቤቱ አብሮ ቢጠራ ከስሕተት ያድናል። ከውጭ ቋንቋ ስንተረጉምም «ሬጀንት» ለመጀመሪያው፤ «ቫይስሮይ» ለሁለተኛው ቢመደብ ሁለቱ አይደበላለቁም።

ሁለተኛ፤ ሞግዚት፤ ምክትል፤ ወኪልና መልእክተኛ ሁሉ እንደራሴ አይደሉም። ሞግዚት ሰውን ይጠብቃል፤ ምክትል በሥራ ተራ ይተካል፤ ወኪል የተወሰነ ጉዳይ ይፈጽማል፤ መልእክተኛ ቃል ያደርሳል። እንደራሴ ግን የሌላውን ማንነት ተሸክሞ ይወስናል።

ሦስተኛ፤ ስለ አንድ እንደራሴ በምናጠናበት ጊዜ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን እናቅርብ፤ «ራሴ» ያለው ማን ነው? ይህን ያለውስ በነጻነት ነው ወይስ ሌሎች ስለ እርሱ አሉለት? ቃሉንስ መልሶ መውሰድ ይችላልን? በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ የሚያቆም ጥናት የሹመቱን ታሪክ ይጽፍ ይሆናል፤ የአገዛዙን ጠባይ ግን የሚገልጡት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው።